ሲሻለኝ የሚሞላኝ ኮት

አሳየች ልጇን እስከ አጥሩ በር ድረስ ተከትላው ወጣች። ባሏ ቀድሞ ወጥቶ ራይዱ ውስጥ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጧል። የመኪናው መስኮት ዝግ ነው፤ ያም ሆኖ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ሱፉን በድሮ ልኩ ነው የምትገዛለት፤» አለች። «ሃምሳ አራት። ሰምተኸኛል?»

«እማ፣ ትናንት ሸሚዙን ሲቀይር አይተሽው የለም? ሃምሳ አራት ውስጥ እኮ…»

«አይቻለሁ። ዓይን አለኝ። ግን የምንገዛው በዓይን አይደለም፤ በእምነት ነው። ጠበብ ያለ ይዘህ ከመጣህ በሽታውን ተቀበልክ ማለት ነው። ቸርች ሙሉ ሰው ጾሞ ጸልዮለት፣ ይነሣል ተብሎ ተነግሮለት፣ እኛ ደግሞ ሄደን ለበሽታው ልብስ እንለካለት?» የልጇን ኮሌታ እንደ ሕፃን አስተካከለችለት። «በል ሳቅ ብለህ ሂድ። ፊትህን እያየ ነው።»

ነአምን ሳቅ አለ።

ከፋሲካ ወዲህ እንዲህ መሳቅ ለምዷል። ያኔ ሐኪሙ ከታማሚዎቹ ክፍል ወደ ኮሪደሩ ጠርቶት፣ እንደ ታላቅ ወንድም እጁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ቆሽቱ ላይ የበቀለው ነገር ወደ ጉበቱ ማለፉን፣ ቀዶ ጥገናም እንደማይጠቅመው፣ ቤት ወስደው ቢንከባከቡት እንደሚሻል ነገረው። «ለእሳቸው ምን እንደምትሏቸው እናንተ ታውቃላችሁ፤» አለው በመጨረሻ። ነአምንም ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረገ። ፊቱን ታጥቦ ወደ ክፍሉ ተመለሰና «ጨጓራህ ነው አባ፤ ደምህም ትንሽ አንሷል። ምግብ መጠንቀቅ ነው» አለ። አባቱ «እኔስ ምን አልኩ! በርበሬው ነው» ብሎ አሳየችን በነገር ወጋ አደረጋት።

እናቱ እውነቱን የሰማችው ቤት ከገቡ በኋላ ነው። ሲነግራት ሳታቋርጠው ሰማችና «የሰው ቃል ነው፤» አለች፤ ከዚያ ወዲህ አንስታው አታውቅም። እህቱ ዶርቃ ግን ምንም አልሰማችም። ሠርጓ ደርሷል፤ ብትሰማ በዚያው ቀን እንደምትሰርዘው ነአምንም እናቱም ያውቃሉ። ስለዚህ ነገሩን እንዳለ የተሸከመው እሱ ብቻ ሆነ። ሠርጉ እስኪያልፍ አባቱ እንዳያውቅ፣ እህቱም እንዳትጠረጥር ማድረግ የእሱ ሥራ ነበር፤ ባንክ ቤት ከሚሠራው ሥራ ይልቅ የሚያደክመው ይህኛው ነው።

ሱፍ ግዙልኝ ያለው አባቱ ራሱ ነው። ቤቱም ጉድ አለ። ዋቅቶላ ዕድሜውን ሙሉ የስፖርት አስተማሪ ነበር። ከወለጋ መጥቶ ኮተቤ ከሠለጠነበት ጊዜ ጀምሮ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ከቱታ ሌላ ልብስ መኖሩን የሚያውቅ አይመስልም ነበር። እሑድ እሑድ አሳየች በግድ ሸሚዝና ሱሪ ታለብሰዋለች፤ ከስብከቱ በኋላ ግን የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ልጆች ኳስ ሲያንከባልሉ ካየ ለሸሚዙም ለሱሪውም አለቀላቸው። ትከሻው በር የሚሞላ፣ አንገቱ ላይ ኮሌታ አልቆለፍ የሚል ሰው ነበር። በልክ አሰፍቶ ያገባበትን ሱፍ ለታናሽ ወንድሙ ሰጥቶታል። ሌላ አልኖረውም።

«ልጄን ይዤ የምገባው በቱታ ነው እንዴ?» አለ ከቀናት በፊት። «የተዘጋጀ ይገዛልኝ። ልብስ ሰፊ ዘንድ መመላለስ አልችልም።»

መኪናው የኮተቤን መንገድ ይዞ ወደ መገናኛ ቁልቁል ሲወርድ ዋቅቶላ ከሹፌሩ ጋር ጨዋታ ይዟል።

«አባባ፣ ሐኪም ቤት ነው እንዴ?» አለ ሹፌሩ፣ በጎን አየት አድርጎት።

«የምን ሐኪም ቤት! ልጄን ልድር ነው። ሱፍ ልገዛ።»

«እሰይ! እንኳን ደስ ያለዎት።»

«አሜን።» በስተቀኝ የእንጦጦ ተራራ ደመና ለብሶ ይታያል። ዋቅቶላ ወደዚያው አገጩን ቀሰረ። «ያንን ታያለህ? ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪዎቼን ይዤ እስከ ራጉኤል ድረስ በሩጫ እወጣ ነበር። የሚያለቅሱ ነበሩ። አንዱ ዛሬ ዶክተር ሆኗል፤ ስንገናኝ ‹ጋሼ፣ ከትምህርት ሁሉ የጠላሁት ያንተን ነው› ይለኛል።»

«አሁንም ይወጡታል፤ ትንሽ ሲበረቱ፤» አለ ሹፌሩ።

«ሲሻለኝ፤» አለ ዋቅቶላ።

ነአምን ከኋላ ሆኖ የአባቱን አንገት ያያል። የሸሚዙ ኮሌታ ተቆልፏል፤ በኮሌታውና በአንገቱ መካከል ግን እጅ የሚያስገባ ክፍተት አለ።

መገናኛ ሲደርሱ መብራት ጠፍቷል። የሕንፃው ጄኔሬተር ሱቆቹን ብቻ ነው የሚያበራው፤ ሊፍቱ ቆሟል። ሱፍ ቤቶቹ ያሉት ደግሞ ላይኛው ፎቅ ላይ ነው። ነአምን ሌላ ቀን እንምጣ ሊል አፉን ሲከፍት አባቱ መደገፊያውን ይዞ ደረጃውን ጀምሮታል።

የመጀመሪያው ፎቅ ላይ አባቱ አንድ ጫማ ቤት ፊት ለፊት ቆመ። መስታወቱ ላይ አንድ እጁን ደገፍ አድርጎ ውስጡን በጽሞና ይመለከት ጀመር። ትንፋሹ መስታወቱን ያደበዝዘዋል። የተደረደሩት የሴት ታኮ ጫማዎች ነበሩ። ነአምንም ከጎኑ ቆሞ የሴት ጫማ አየ።

«ቀዩ ጥሩ ነው፤» አለ አባቱ ትንፋሹ ሲመለስለት።

«ለማን?»

«ለማንም። ማየት ነውር ነው?»

ቀጣዩ ፎቅ ላይ የሞባይል ሽፋን አዩ። እዚያ ትንሽ ቆዩ።

ሻጩ አምሃ የሚባል፣ ጸጉሩን ከጎንና ከጎን የተላጨ፣ አንገቱ ላይ ሜትር ያንጠለጠለ ወጣት ነው። «ግቡ! ግቡ ጋሼ!» አለ ከወንበሩ ብድግ ብሎ። «ሙሽራው የትኛችሁ ናችሁ?»

«እኔ ነኝ፤» አለ ዋቅቶላ። «ሚስቴ ግን እንዳትሰማ።»

አምሃ በሳቅ ፈነዳ። የፕላስቲክ ወንበር ስቦ አስቀመጠውና ወዲያው ኮቶች ከየመስቀያቸው እያወረደ ያሳየው ጀመር። አንዱ ሰማያዊ ሆኖ መብራቱ ሲያርፍበት ያብረቀርቃል። «ይሄ ነው ጋሼ! የቱርክ ነው። ዘንድሮ የሙሽራ አባት በሙሉ ይሄን ነው የለበሰው።»

«ይሄማ ማታ ማታ ክራር ለሚመታ ነው። ጠቆር ያለ የለህም?»

«ጥቁር?»

«ጥቁር አይደለም። እንደዚያኛው።»

አምሃ ከግድግዳው ላይ ጠቆር ያለ ግራጫ ሱፍ አወረደ። «ጎበዝ! ጋሼ ያውቃሉ። ግራጫ ለሁሉ ይሆናል፤ ለሠርግም፣ ለቢሮም፣ ለለቅሶም። አንዴ ይገዙታል፣ ዕድሜ ልክዎን ይለብሱታል።»

ነአምን መሬት መሬት አየ። አባቱ ግን የኮቱን እጅጌ በሁለት ጣቱ መካከል እያሸ «ዕድሜ ልኬን ከሆነማ ጥሩ ነው፤» አለ።

ሃምሳ አራቱን ለበሰው። አምሃ ከኋላው ቆሞ ትከሻውን ሲያስተካክል ጨርቁ በእጁ ሙሉ ተረፈ። የኮቱ ትከሻ ከዋቅቶላ ትከሻ አልፎ ወደ ክንዱ ተንሸራቷል፤ እጅጌው ጣቶቹን ሸፍኗል። መስታወቱ ውስጥ ያለው ሰው ከዝናብ ለመሸሽ የሌላ ሰው ካፖርት የደረበ ይመስላል። አምሃ መቀለዱን ተወ። ቀስ ብሎ ኮቱን አወለቀለትና አርባ ስምንት ቁጥር አምጥቶ አለበሰው።

ይሄኛው ልኩ ነበር። ትከሻው ላይ ቁጭ አለ፤ ደረቱ ላይ ተዘጋ። ዋቅቶላ ቀና ብሎ መስታወቱን አየ። ነአምን አባቱን ከታመመ ወዲህ እንደዚያ አምሮ አላየውም፤ በዚያው ልክ ደግሞ ምን ያህል እንዳነሰ እንደዚያ ግልጽ ሆኖ አልታየውም ነበር። የተረፈው ይህ ነው፤ ልኩ ይህ ነው፤ ሰው ቆርጦ የሰፋው ልብስ አለው።

«ይቺ ናት፤» አለ አምሃ ለስለስ ብሎ። «ጋሼ፣ እውነቴን ነው፤ ይቺ ናት።»

ነአምን ወደ መስታወቱ ጠጋ አለ። አባቱ እሺ ካለ ምን ማለቱ ይሆን? የደከመ ሰው እሺታ ነው ወይስ ሌላ? «እማ ሃምሳ አራት ነው ያለችው፤» አለ ፈጥኖ። «አሁን እኮ ጨጓራው ነው ያከሳህ። ምግቡ መስማማት ሲጀምር በወር ውስጥ ይሄ አይዘጋልህም። ምን ዋጋ አለው?»

ዋቅቶላ በመስታወቱ ውስጥ ልጁን አየው።

«እውነቱን ነው፤» አለ ለአምሃ። «ሲሻለኝ ይጠበኛል። ትልቁን አምጣው።» አርባ ስምንቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ተመለሰ። «ነአምን፣ አንተ ልበሰው እስቲ።»

«እኔ?»

«እኔ ቆሜ መስታወት ለመስታወት ስል ይደክመኛል። ሲሻለኝ የምሆነው አንተን አይደል? ድሮም ከኋላ የሚያየን ሰው ይሳሳት ነበር። በቁመት ብቻ ነው የቀደምከኝ፤ እሱም ጫማህ ነው። ልበሰውና ልየው።»

ነአምን ቀለል አለው። ሲሻለኝ አለ። በሰው ፊት፣ ሳይጠየቅ፣ ሲሻለኝ አለ። አምኗል ማለት ነው። የቢሮ ኮቱን አውልቆ አባቱ ጭን ላይ ጣለና አዲሱን ለበሰ። አባቱ አሮጌውን ኮት ገለበጥ አድርጎ ክርኑን ዳሰሰ።

«ባንክ ቤት ገንዘብ የለም እንዴ? የኮትህ ክርን እኮ መስታወት ሆኗል፤ ፊት ያሳያል።»

«ሌላ እገዛለሁ አባ፤ ሠርጉ ይለፍ።»

«ሁሉ ነገር ሠርጉ ይለፍ። እጅህን ወደ ላይ!»

ነአምን ከልጅነቱ በሚያውቀው ድምፅ ተገርሞ እጁን ሰቀለ።

«ወደ ጎን! ወደፊት! ጎንበስ! ከኋላ ይወጠራል?»

«አይወጠርም።»

«ጋሼ፣ ሱፍ ነው የምንሸጠው ወይስ ጂም ከፍተናል?» አለ አምሃ። ከጎረቤት ሱቅ ሁለት ሴቶች ብቅ ብለው ይስቃሉ።

«ተቀመጥ፤» አለ አባቱ ሳይስቅ። «አሁን ሰው መጣ፤ ተነስ። እጅ ስጠው። ተቀመጥ። ሌላ ሰው መጣ፤ ተነስ። ያኔ ሥራህ ይሄ ብቻ ነው፤ መነሳትና መቀመጥ። ሰዉ አያልቅም። ልብሱ ጉልበትህ ላይ ከያዘህ ከቀትር በፊት ትደክማለህ።»

«የሙሽራ አባት ሥራ ከባድ ነው፤» አለ አምሃ።

«ከባድ ነው፤» አለ ዋቅቶላ። «በል ዙር። ቀስ ብለህ።»

ነአምን ዞረ። ሲዞር አባቱ እያየው ነበር፤ አንዴ ዞሮ ሲመለስም ዓይኑን አላነሳም። ልብሱን ሳይሆን ፊቱንና ትከሻውን፣ ከዚያ እግሩን፣ ከዚያ እንደገና ፊቱን እያየ ነበር። «ይሄው ነው፤» አለ በመጨረሻ። «ጠቅልለው።»

ሱሪው መጠበብና ማጠር ነበረበት። አምሃ በኮሪደሩ ጫፍ፣ ደረጃው ሥር የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ወደተቀመጠው ወደ ተሾመ ላካቸው። ተሾመ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያሰረ፣ ዕድሜው ከዋቅቶላ ብዙም የማያንስ ልብስ አስተካካይ ነው። ዋቅቶላን አቁሞ ወገቡን ሲለካ ሜትሩን ሁለት ጊዜ አየው።

«ነአምን፣ ውሃ ግዛልኝ፤» አለ አባቱ። «መድኃኒቴን ልውሰድ።»

ነአምን ውሃ ለማግኘት ምድር ቤት ድረስ ወረደ። ተመልሶ ሲመጣ አባቱ ከተሾመ ጎን አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ጎንበስ ብሎ ያወራዋል። ሲያዩት ወሬያቸውን አቆሙ። ተሾመ መነጽሩን አድርጎ ነአምንን ከእግር እስከ ራሱ አየው፤ እንደሚለካው ሁሉ፤ ከዚያ ወደ መኪናው ዞረ።

«ነገ አመሻሽ ላይ ይደርሳል፤» አለ።

«እሱ ይወስደዋል፤» አለ ዋቅቶላ።

በማግስቱ ነአምን ከሥራ ወጥቶ ሲደርስ ተሾመ ልብሱን ተኩሶ ሰቅሎታል። ሊያሽገው ሲል «ቆይ፣ አንዴ እይልኝ፤» አለና ሱሪውን ገልብጦ የጫፉን ውስጥ አሳየው። የተረፈው ጨርቅ ሁሉ ሳይቆረጥ ወደ ውስጥ ተጣጥፎ በእጅ ረዘም ረዘም ባለ ስፌት ተይዟል። ወገቡም ላይ እንዲሁ ነው። ከጨርቁ የአንዲት ጣት ስፋት እንኳ አልተቆረጠም።

«ይኼ ይከብዳል፤ ልቁረጠው ብዬ ነበር፤» አለ ተሾመ፣ ሥራውን ይተቹብኛል ብሎ እንደሚሰጋ ሰው። «አባትህ እንቢ አሉ። ኮቱንም ከጎኑ ላጥብበው ብላቸው ‹ኮቱን እንዳትነካው፤ እኔ ከውስጥ ሁለት ሹራብ እደርባለሁ› አሉኝ። ምክንያቱን ኋላ ነው የነገሩኝ።»

«አዎ፤ ሲሻላቸው እንዳይጠባቸው ነው፤» አለ ነአምን።

ተሾመ ሱሪውን አጥፎ መስቀያው ላይ መለሰ።

«እኔ የነገሩኝን ነው የማውቀው። ‹ከኔ በኋላ የሚለብሰው ልጅ በቁመት ይበልጠኛል፤ ሲፈታ ልኩ እንዲሆን አድርገህ ያዘው› ነው ያሉኝ። አንተ ውሃ ልትገዛ ስትሄድ።»

ከላይ ሰዎች እየተጯጯሁ ደረጃውን ይወርዳሉ። ነአምን እስኪያልፉ ጠበቀ።

«ያስተካከልኩበትን ከፈሉኝ፤ ከዚያ ወደፊት ስፌቱን የምፈታበትንም ጨምረው ሰጡኝ፤» አለ ተሾመ። «ያልሠራሁትን እንዴት እቀበላለሁ ብዬ ተከራክሬ ነበር። ‹እሱ ይዞልህ ሲመጣ እንዳታስከፍለው። ያኔ ሌላ የሚያወጣው ብዙ ነው› አሉኝ። ሰው እንዲህ ሲልህ ምን ትላለህ? ተቀበልኩ።» መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። «እዚሁ ነኝ። ስትመጣ ተቀምጠህ ትጠብቀኛለህ፤ ብዙ አይፈጅም።»

ነአምን የኮተቤ ታክሲ ውስጥ ልብሱን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀመጠ። ረዳቱ «ሂሳብ ወንድም!» ሲለው እንኳ የሰማው በሁለተኛው ነው። ተነስ፤ እጅ ስጠው፤ ተቀመጥ። ሰዉ አያልቅም። አባቱ «ያኔ» ያለው የሠርጉን ቀን መስሎት ነበር። አምሃም እንዲያው መስሎት ነበር። ደረጃው ላይ ያዩትን የሴት ጫማ፣ ሆስፒታሉ ውስጥ በርበሬው ነው ብሎ የቀለደውን ቀልድ፣ በየጠዋቱ «ዛሬስ ደህና አደርኩ» የሚለውን አንድ በአንድ አስታወሰ። ከፋሲካ ጀምሮ ለአባቱ ሲል የሳቀውን ሳቅ ሁሉ አባቱ ለእሱ ሲል ተቀብሎት ኖሯል።

ገብቼ ልንገረው አለ በልቡ። አባ፣ ማወቅህን አውቄአለሁ። ከዚያስ? ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ዓረፍተ ነገር ከመገናኛ ጀምሮ ቢፈልገው ኮተቤ እስኪደርስ አላገኘውም። ቢነግረው ዶርቃ ከፊታቸው ታነበዋለች። ደግሞም አባቱ ይህን ሁሉ በዝምታ የያዘው እንዲነገረው ፈልጎ አይደለም፤ ቢፈልግ ኖሮ ልብስ አስተካካይ ምን አስፈለገው።

ግቢ ሲገባ ገና አልመሸም። አባቱ በረንዳው ላይ ፊቱን ወደ ተራራው አድርጎ ተቀምጧል። ዶርቃ ለሠርጉ የገዛችውን ጫማ ለማለማመድ ከወፍራም ካልሲ ጋር አድርጋ ሲሚንቶው ላይ ቋ ቋ እያለች ትመላለሳለች።

«መጣ! ሱፉ መጣ!» አለች። «አባ፣ ልበሰው አሁኑኑ።»

አሳየች ከቤት ሁለት ሹራብ ይዛ ወጣች። አንዱን በአንዱ ላይ ደራረበችለት፤ ከዚያ ነአምን ኮቱን ያዘለትና አባቱ እጁን አንድ በአንድ አገባ። ሹራቦቹ ደረቱን ሞላ አደረጉት፤ ትከሻውን ግን አልቻሉም።

«ሙሉ ሰው!» አለች አሳየች፣ ሁለት እጇን አጋጥማ። «ትንሽ ሰፋ ቢል ምን አለበት? እግዚአብሔር ይሞላዋል።»

«አሜን፤» አለ ዋቅቶላ። «በይ ዶርቃ፣ ነይ። ክንድሽን ስጪኝ። ዝም ብሎ መግባት የለም፤ ልምምድ ያስፈልጋል።»

ከበረንዳው እስከ አጥሩ በር ድረስ ይዟት ሊሄድ ተነሣ። «ግራ… ቀኝ… ግራ…» ዶርቃ ቀሚስ እንደያዘች ሁሉ በአንድ እጇ የሱሪዋን ጎን ሰብስባ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ትራመዳለች። ከግቢው መሀል ሲደርሱ አባቱ ቆመ። «ጽጌረዳው አብቧል፤» አለ። ዶርቃም ቆማ ጽጌረዳውን አየች። ነአምን የአባቱ ክንድ በእህቱ ክንድ ላይ እንደከበደ አየ። አባቱ ከጽጌረዳው ሌላ የሚያሳያት ነገር ሲያጣ ወደ በረንዳው ተመለሱ፤ ተቀመጠ።

«ነአምን፣ አንተ ይዘሃት ሂድ። እኔ ከዚህ ሆኜ ልያችሁ። አካሄዳችሁ ከሩቅ ምን እንደሚመስል ማየት አለብኝ።»

«እሱ ምን አገባው?» አለች ዶርቃ። «የምታስገባኝ አንተ ነህ።»

«አሠልጣኝ ተቀያሪ ሳያዘጋጅ ሜዳ ይገባል? እግሬን ቢይዘኝስ?» ኮቱን ማውለቅ ጀመረ። ከተራራው የሚወርደው ነፋስ ቀዝቃዛ ነበር። «ደግሞ ሞቀኝ። ያዝ፤ ልበሰው። በሸሚዝ አይለመድም።»

ነአምን ኮቱን ተቀበለ። ገበሩ የአባቱን ሙቀት አልያዘም ነበር። ለበሰው። ኮቱ ትከሻው ላይ አረፈ፤ ደረቱ ላይ ተዘጋ፤ እጅጌው የእጁ አንጓ ላይ ቆመ። ማንም ምንም ማስተካከል አላስፈለገውም።

አሳየች የበሩን መቃን ይዛ ቆማ ነበር። የልጇን ትከሻ አየች፤ ባሏን አየች። ባሏ ወደ እሷ አልዞረም። ፊቷን አዙራ ወደ ውስጥ ገባች። ትንሽ ቆይቶ ከጓዳ ቧንቧው ተከፍቶ ሲፈስ ተሰማ፤ ለረጅም ጊዜም አልተዘጋም።

«ውይ ነአሚ!» አለች ዶርቃ፣ ዙሪያውን እየዞረች። «ልክህ እኮ ነው! ለአንተ ነው እንዴ የተገዛው?»

ነአምን ወደ አባቱ አየ። አባቱ ሁለቱን ሹራብ ለብሶ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ፣ ተማሪ የሚጠብቅ ይመስላል።

«የእኔ ነው፤» አለ አባቱ። «ሲሻለኝ ይሞላኛል።»

«ይሞላሃል፤» አለ ነአምን። ድምፁ እንደፈራው አልተሰበረም።

አባቱ ራሱን ነቀነቀ፤ አንዴ፣ ጥሩ ሥራ የሠራ ተማሪ ሲያይ እንደሚያደርገው። «በሉ እንግዲህ! ግራ… ቀኝ… ቀስ! ማን አባረራችሁ? ዶርቃ፣ ክንዱን ጥብቅ አድርገሽ ያዢ። እሱን እንዳትለቂው።»

ዶርቃ እየሳቀች ክንዱን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ነአምንም ሳቀ፤ አባቱ ፊቱን እያየው ነበርና።